ድራይቨሩ ለምን ይገለበጥብናል? ደጋ ላይ ተደብቆ ቆላ ላይ የሚጋለጥ ጥፋት

ዲስክ ጎልፍ እንጫወታለን፤ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወርን ቅርጫት ውስጥ እናስገባለን። ድራይቨር የምንለው ሩቅ የሚወረወረውን ዲስክ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ የሄደልኝ ድራይቨር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሠላሳ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ወደ ቀኝ ተጋደመ። በጠርዙ መሬት ነካና እንደ መኪና ጎማ እየተንከባለለ የሰው ማሾ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ውርወራም ያው ሆነ። በሦስተኛው ማሳው ዳር የቆሙት ገበሬ ዲስኩን አንስተው ወዲያ ወዲህ አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይኼ የምን ክዳን ነው?»

«ክዳን አይደለም አባባ፣ መጫወቻ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«መጫወቻስ ይሁን። አንተ ወዲያ እያየህ ትወረውራለህ፣ እሱ ወዲህ ይመጣል። አዛዡ አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

ለእሳቸው መልስ አልነበረኝም። ለጓደኞቼ ግን አላጣሁም፤ «ጉልበቴ ጨምሯል» አልኳቸው። ዲስክ ከሚችለው በላይ በፍጥነት ሲወረወር እንደሚገለበጥ ሁላችንም ሰምተናል፤ ለወርዋሪ ደግሞ ከዚህ የሚጥም ሰበብ የለም። በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ያንኑ ዲስክ ወረወርኩት። እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጉልበቴ በሳምንት ውስጥ ጨምሮ በሳምንት ውስጥ አይቀንስም። ልዩነቱ አየሩ ነበር። ቆይቶ የገባኝ ነገር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ የደጋው አየር ሁለት ዓመት ሙሉ የእጄን ጥፋት ሲሸፍንልኝ ኖሯል።

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ሦስት አራት ዲስክ ይዘው መስክ ላይ ለሚጫወቱ ሰዎች ነው። የእኛ ቅርጫት ብየዳ ቤት የተሠራ ነው፤ እሱ ከሌለ ባህር ዛፍ ነው ዒላማው። የምናገረው ሁሉ በቀኝ እጅ በባክሃንድ፣ ማለትም ክንዱን በደረቱ ፊት አሳልፎ በእጁ ጀርባ በኩል፣ ለሚወረውር ሰው ነው። ግራኝ ከሆናችሁ፣ ወይም በቀኝ እጅ ፎርሃንድ፣ ማለትም በመዳፍ በኩል፣ ከወረወራችሁ፣ ቀኝ ያልኩትን ግራ እያላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ

ወደ ቀኝ የሄደ ዲስክ ሁሉ ተገልብጧል ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ይምታታል።

አንደኛው ዘግይቶ መለቀቅ ነው። ዲስኩ ዝርግ እንደሆነ ይሄዳል፣ ነገር ግን ከእጅ ሲወጣ ጀምሮ መስመሩ ቀኝ ነው። ጣት አንቆ ይዞት ነው እንጂ አልተገለበጠም። ሁለተኛው አዘንብሎ መውጣት ነው፤ ከእጅ ሲለቀቅ የግራው ጠርዝ ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ብሏል። ይህን አንሃይዘር ይሉታል። የተገላቢጦሹ፣ የግራው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ሲወጣ፣ ሃይዘር ነው። ሦስተኛው እውነተኛው መገልበጥ ነው። ዲስኩ ዝርግ ወጥቶ፣ ጥቂት ቀጥ ብሎ በርሮ፣ ከዚያ በራሱ ወደ ቀኝ እየተጋደመ ይሄድና ሳይመለስ ይቀራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዓይናችሁ መድረሻውን ትቶ የመጀመሪያውን አሥር ሜትር ይይ። የት ላይ ተጋደመ? ከእጅ እንደወጣ ከሆነ ጥፋተኛው እጅ ነው። ሠላሳ አርባ ሜትር ሄዶ ከሆነ ነፋሱን፣ አየሩንና ዲስኩን ጠርጥሩ። እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ የተገለበጠ ከሆነ እንደገና እጅ ነው። ብቻችሁን ስትወረውሩ ይህን ማየት ያስቸግራል፤ አንድ ሰው ከጀርባችሁ ቆሞ በስልክ በስሎ ሞሽን ይቅረጻችሁ። እኔ አልቀረጽም ብዬ ያባከንኩት ጊዜ ይቆጨኛል።

እንዝርትና አራት ቁጥሮች

ድራይቨር ለምን እንደሚጋደም ካልገባ መፍትሔው ግምት ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

በፍጥነት የሚበርን ዲስክ የሚያነሳው የአየር ኃይል ልክ መሐሉ ላይ አያርፍም። ዲስኩ ገና በኃይል እየሄደ ሳለ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ኋላ ያርፋል፤ ጭራውን እያነሳ አፍንጫውን ሊደፋው ይሞክራል። የማይሽከረከር ሰፌድ ብትወረውሩ በእርግጥም በአፍንጫው ተደፍቶ ይወድቃል። የሚሽከረከር ነገር ግን በገፉት በኩል አይታዘዝም፤ ሩብ ዙር ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው። ብስክሌት ጠጋኝ ቤት ጎራ ብላችሁ የፊት ጎማውን ፈትታችሁ አክሱን በሁለት እጅ ያዙ፤ ሰው አፍጥኖ ያሽከርክርላችሁና ዘንበል ልታደርጉት ሞክሩ። ወደ ሌላ ጎን ሲጎትታችሁ ይሰማችኋል። ዲስክም እንዲሁ ነው። ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚሽከረከር የቀኝ እጅ ባክሃንድ አፍንጫው ወደ ታች ሲገፋ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ፍጥነቱ ሲያልቅ ደግሞ እየወረደ ስለሚሄድ አየሩ ከታች ይመታዋል፤ ኃይሉ ወደ ፊት ይዞራል፣ አፍንጫውን ያነሳል፣ ዲስኩም ወደ ግራ ይወድቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ፍጥነት ሲጨምር የሚያጋድመው ኃይል ይጨምራል። ሽክርክሪት ሲጨምር ደግሞ ዲስኩ ይህን ኃይል ይቋቋማል። መንዝ ውስጥ ሱፍ የሚፈትሉ እናቶችን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ በደንብ የተሽከረከረ እንዝርት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲደክም መንገዳገድ ይጀምራል። ክንዱ ኃይለኛ፣ አንጓው ሰነፍ የሆነ ወርዋሪ ፍጥነት ሰጥቶ ሽክርክሪት ይነፍጋል። የሱ ዲስክ ይገለበጣል።

ዲስኩ ላይ የሚታተሙት አራት ቁጥሮችም ይህንኑ ነው የሚናገሩት፦ ፍጥነት፣ መንሳፈፍ፣ ተርን፣ ፌድ። ተርን መጀመሪያ ወደ ቀኝ የመጋደም ዝንባሌው ነው፤ ከዜሮ በታች በሄደ ቁጥር ይብሳል። ፌድ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መውደቁ ነው። ኢኖቫ የተባለው አምራች የሚሠራው ሳይድዋይንደር 9፣ 5፣ -3፣ 1 ነው። ፋየርበርድ 9፣ 3፣ 0፣ 4 ነው። ሁለቱም የፍጥነት ቁጥራቸው 9 ነው፣ ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እኛ እርስ በርስ ስናወራ የመጀመሪያውን ዓይነት «ልል»፣ ሁለተኛውን «ግትር» እንላለን፤ በዚህ ጽሑፍም እነዚህን ቃላት እጠቀማለሁ። ማሾው ውስጥ የገባው የእኔ ዲስክ ሳይድዋይንደር ነበር። ሥራውን ነው የሠራው፤ ዲስኩን አልወቅስም።

ደረጃ 1፦ ነፋሱን አጣሩ

ምርት የሚያዘራ ገበሬ መንሹን ከማንሳቱ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። እኛ ግን የባህር ዛፍ ጫፍ እየተንቀጠቀጠ ቆመን «ዛሬ ምን ነካኝ» እንላለን።

ዲስክ የሚያውቀው የመሬቱን ሳይሆን የአየሩን ፍጥነት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የወረወራችሁት ዲስክ ከፊት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከገጠመው፣ ለሱ የ95 ኪሎ ሜትር በረራ ነው። የአየር ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ 15 ኪሎ ሜትሯ ነፋስ የሚያጋድመውን ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ታሳድገዋለች። 15 ኪሎ ሜትር ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ከሰዓት በኋላ ሰው ነፋስ ብሎ የማይጠራት ነፋስ ናት።

ጥቂት ደረቅ ሣር ወይም ጭድ በፊታችሁ ልክ ያዙና ልቀቁት። ከዚያ ቀና ብላችሁ የዛፍ ጫፍ እዩ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም፣ ዲስኩም የሚበረው በሁለቱ መካከል ነው። ነፋሱ ከፊት ከሆነ ልሉን መልሱና ግትሩን አውጡ፤ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጉልበት ሳትጨምሩ ወርውሩ። ነፋስ ሲመጣ ጉልበት መጨመር ሁላችንም የምንሠራው ስህተት ነው፤ ሁለቱ ይደመሩና ዲስኩን ይገለብጡታል። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ልሉን ዲስክ ያቀናዋል። ከግራ የሚመጣው ተንኮለኛ ነው፤ ትንሽ ቀኝ የተጋደመውን ዲስክ ሆዱን አግኝቶ ይሸከምና ይዞት ይሄዳል።

ነፋስ ባለበት ቀን ስለ እጃችሁ ምንም አትደምድሙ። ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መስኩ ጸጥ ሲል ሂዱ።

ደረጃ 2፦ የቆማችሁበትን ከፍታ አስቡ

ይህ የእኛ የሰሜን ሸዋ ጉዳይ ነው። ሜዳው ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ በሆነ አገር ሰው ላያስበው ይችላል።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ዋሻውን ወጥታችሁ፣ በጠመዝማዛው ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ። ሙቀቱ አየሩን ቢያሳሳውም፣ የሸዋ ሮቢት አየር ከደብረ ብርሃኑ በግምት 15 በመቶ ይወፍራል። ወፍራም አየር ዲስኩን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ይነሳል፣ ይንሳፈፋል፣ ይጋደማልም። ሒሳቡ ሲሠራ ደብረ ብርሃን ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ዲስክ ሸዋ ሮቢት ላይ በ86 የተወረወረ ያህል ጠባይ ያሳያል። ስድስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ጫፍ ላይ ለቆመ ዲስክ ግን በቂ ናት።

ወደ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስስ አየር ውስጥ ዲስክ ሁሉ ግትር ይሆናል፤ ለመጋደም ይሰንፋል፣ ቶሎ ወደ ግራ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን የለመድን ሰዎች ቀጥ ያለ በረራ ፍለጋ እያወቅንም ሳናውቅም ልል ዲስክ እንመርጣለን። ሲወርዱ የሚያሳፍረን ያ ምርጫ ነው። ከዚህም ጋር የእጃችንን ጥቃቅን ጥፋት ስስ አየር ይቅር ይለናል። የአንጓ መዞር ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ቀኝ ይወስዳል፤ ቆላ ላይ ማሾ ውስጥ ይከታል።

ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በጣለበት ማለዳ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው አየር ከ20 ዲግሪው የቀትር አየር ወደ 7 በመቶ ይወፍራል። ጠዋት የተገለበጠ ዲስክ ቀትር ላይ ቢቀና ጠንቋይ ቤት አትሂዱ። ብርድ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ጣት ነው፤ የደነዘዘ ጣት ይዞት የነበረውን መቼ እንደለቀቀው አያውቅም።

ደረጃ 3፦ ዲስኩን መርምሩ

ነፋስ የለም፣ ቦታው የለመዳችሁት ነው፣ ድሮ ቀጥ ይል የነበረው ዲስክ አሁን ይገለበጣል። እንግዲህ ዲስኩን አንሱት።

ጠርዙን በአውራ ጣታችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። የእኛ መስክ ባዶ ሣር አይደለም፤ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ብቅ ያለበት ነው፣ ዛፉም አይምርም። በየምቱ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፣ አፍንጫው ይዶለዱማል። በዚህ መንገድ ያረጀ ዲስክ ከዓመት ዓመት ልል እየሆነ ይሄዳል። ርካሹ ፕላስቲክ በጥቂት ሳምንት ይለወጣል፤ ውድና ጠንካራው ዓመታት ይቆያል። የተነሳውን ሻካራ ልጣጭ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የስፖርቱ ማኅበር ፒዲጂኤም መጠነኛ ማለስለስን ይፈቅዳል። ቅርጹን እስኪለውጥ መሞረድ ግን ክልክል ነው።

ከዚያ ዲስኩን በአፉ ደፍታችሁ መስታወት ወይም ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። በጣት ስትነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል። መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ዲስክ፣ ወይም ሻንጣ ሥር ታጥፎ ከውጭ የመጣ ዲስክ እንዲህ ይሆናል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይታችሁ በእጅ አቅኑትና ዝርግ ነገር ላይ ይቀዝቅዝ። የፈላ ውኃ አይሆንም፤ አንዱን እንደዚያ አድርጌ ለድመቷ የውኃ መጠጫ ሆኗል።

ክብደቱ ሆዱ ላይ ተጽፎ ይሆናል። በደንቡ አንድ ዲስክ በየሴንቲ ሜትር ስፋቱ ከ8.3 ግራም መብለጥ የለበትም፤ 21.1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድራይቨር 175 ግራም ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። ያው ዲስክ በ150 ግራም ሲሠራ በቀላሉ ይፈጥናል፣ በቀላሉም ይጋደማል። ለጀማሪና ለታዳጊ ቀላሉ ይሻላል፤ ነፋስ ላይ ግን ይጫወትባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1983 እ.ኤ.አ. ዴቭ ደኒፓስ ያወጣው የኢኖቫው ኢግል ጠርዙ ሰላ ተደርጎ የተሠራ የመጀመሪያው የጎልፍ ዲስክ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲስኮች እየሰሉ፣ እየፈጠኑ ሄደዋል፤ እንደ ዲስትሮየር ያለው 12 ፍጥነት ደርሷል። እነዚህን የሚመጥን ክንድ ጥቂት ሰው ነው ያለው። ከሰባ ሜትር በታች የምትወረውሩ ከሆነ ከ7 በላይ ፍጥነት ያለው ዲስክ ቦርሳችሁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ራሳችሁን ጠይቁ። እንደ ሊዮፓርድ ወይም ቲበርድ ያለ ዝግ ያለ ዲስክ ይበቃል። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ ጓደኞቼ ይከራከሩኛል፣ ዲስካቸውንም ከገደል ሥር ይለቅማሉ።

ደረጃ 4፦ እጃችሁን

ወደዱም ጠሉም አብዛኛው ያልተጠበቀ መገልበጥ እዚህ ነው ያለው።

ዋነኛው የአንጓ መዞር ነው። ወርውሩና እጃችሁ በቆመበት እንደ ሐውልት ድረቁ፤ መዳፋችሁን እዩ። መዳፉ ሳንቲም እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ሰማይ ከዞረ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት አንጓችሁን አዙራችኋል፤ የዲስኩን የግራ ጠርዝ ራሳችሁ አነሳችሁት። ብዙ ሰው «እኔ አላዞርም» ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። በስልክ የተቀረጸውን ሳይ መዳፌ ሰማይ ላይ ነበር፤ ዝናብ የምለምን ይመስል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአሥራ አምስት ሜትር ላይ፣ ቆማችሁ፣ በሩብ ጉልበት፣ ፓተር የሚባለውን የቅርብ ርቀት ዲስክ ወርውሩ። ፓተር ዝግተኛ ስለሆነ ይቅር ባይ ይመስላል፤ የእጅን ጥፋት ለማጋለጥ ግን ከሱ የሚሻል የለም፣ ትንሽ ካዞራችሁት ይንቀጠቀጣል። ሳይንቀጠቀጥ መውጣት እስኪለምድ ድራይቨር አትንኩ።

ሁለተኛው ትከሻና ወገብ ነው። ሩቅ ለመወርወር ስንፈልግ ደረታችንን ገልብጠን ወደ ኋላ እንጋደማለን። ጀርባ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክንዱ የሚሄድበት መስመር በሙሉ ያዘነብላል፤ ዲስኩ ሳታስቡት አንሃይዘር ሆኖ ይወጣል። ወገባችሁን ትንሽ ሰበር አድርጉ፣ ክብደታችሁ ከፊት እግር ላይ ይረፍ። ወንጭፍ የሚወረውር የወፍ ጠባቂ ልጅ ድንጋዩን ሲለቅ ወደ ኋላ ሲወድቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሩ ይተክላል፣ ከዚያ ይለቃል።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ዲስኩ ከእጅ ሲወጣ እንደ ተጣመመ ጎማ ከተወዛወዘ ሽክርክሪቱን ራሱ ይበላዋል፤ እንደ ደከመው እንዝርት ይሆናል፣ ግትር የተባለው ዲስክ እንኳ ይጋደማል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሲለቀቅ የላላ አያያዝ ነው፤ ወይም ደግሞ ክንድ በደረት በኩል ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ዙሪያውን ሲዞር ነው። ዲስኩ ከደረታችሁ ፊት፣ በቀጥታ መስመር፣ ልክ ገመድ እንደምትስቡ ይለፍ። አያያዙ መጀመሪያ ላይ ላላ ይበል፣ የሚጠብቀው መጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ነው። ፎርሃንድ ላይ ይህ ችግር እጥፍ ነው፤ ፎርሃንድ ሁልጊዜ የሚገለበጥበት ሰው ዲስክ ከመቀየሩ በፊት ጉልበቱን በግማሽ ይቀንስ።

አራተኛው አፍንጫ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ነው የሚወረውር። ዲስኩ ይንጠለጠላል፣ ይቆማል፣ ግራ ይወድቃል። አንድ ቀን ቡና ከጀበና እንደምትቀዱ አንጓችሁን ዝቅ ታደርጉና አፍንጫው ይስተካከላል። በዚያ ቀን የለመዳችሁት ዲስክ ይገለበጣል። አትደንግጡ፤ ዲስኩ ድሮም ልል ነበር፣ የተነሳው አፍንጫ ነበር የደበቀው። ወደ አሮጌው አወራወር አትመለሱ፤ ትንሽ ግትር ዲስክ ውሰዱ።

እግርን በአጭሩ፦ ክረምት ላይ ጫማችሁን ጭቃ የሚያንሸራትተው ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። ቆማችሁ ወርውሩ።

ደረጃ 5፦ ጥፋተኛውን በሙከራ ያዙት

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጸጥ ባለ ጠዋት፣ ሦስት ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ፓተር፣ አንድ የሚገለበጥባችሁ ድራይቨር፣ አንድ ግትር ድራይቨር። እያንዳንዱን ቆማችሁ በግማሽ ጉልበት አሥር አሥር ጊዜ ወርውሩ። ከዚያ በሦስት አራተኛ፣ ከዚያ በሙሉ። ደብተር ያዙ። የእኔ የአንድ ቀን ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋስ የለም። ፓተር ግማሽ ጉልበት፦ ከ10 ሦስቱ ተንቀጥቅጠዋል። ድራይቨር ግማሽ፦ 4 ተገለበጠ፣ በአራቱም መዳፍ ወደ ላይ። ድራይቨር ሙሉ፦ 5። ግትሩ ሙሉ፦ 1።»

አነባበቡ ይኸው። በግማሽ ጉልበት አራቴ ከተገለበጠ «ጉልበቴ ጨምሮ ነው» የሚባለው ሰበብ ሞተ። ጉልበት ስጨምር የጨመረው አንድ ብቻ ነው። በአራቱም መዳፌ ወደ ላይ ነበር፣ ፓተሩም ተንቀጥቅጧል፤ እጅ ነው። በግማሽ ጉልበት ሁሉም ቀጥ ብሎ በሙሉ ብቻ ቢገለበጥ ኖሮ ዲስኩ ለክንዴ ልል ሆኗል ማለት ነበር። ፓተሩ ንጹሕ ሆኖ ያ አንዱ ድራይቨር ብቻ በሁሉም ጉልበት ቢገለበጥ ዲስኩ አርጅቷል ወይም ተጣሟል፤ ያን ጊዜ ለጓደኛ ሰጥቶ ማስወርወር ነገሩን ይለያል።

መገልበጡን በሥራ ማዋል

እጅ ከተስተካከለ በኋላ ልል ዲስክ ጠላት አይደለም። የግራውን ጠርዝ እንደ ጎጆ ክዳን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከአሥር እስከ ሃያ ዲግሪ፣ በሃይዘር ልቀቁት። የሚያጋድመው ኃይል መጀመሪያ ያዘነበለውን ያቀናዋል፤ ዲስኩ ዝርግ ይሆንና ረጅም ቀጥ ያለ በረራ ይሰጣችኋል። ትልቅ ክንድ ሳይኖር ርቀት የሚገኘው እንዲህ ነው። ዝቅ ያደረጋችሁት ሲያንስ ይገለበጣል፣ ሲበዛ ግራ ይወድቃል፤ ልኩን እጅ እንጂ ጽሑፍ አያስተምርም።

ወደ ቆላ ስትወርዱ ከደብረ ብርሃን ቦርሳችሁ በጣም ልሉን አውጡና በምትኩ አንድ ግትር ጨምሩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ውርወራዎች ዒላማ ሳታስቡ፣ ሰውና ሰብል በሌለበት በኩል፣ በሦስት አራተኛ ጉልበት አድርጉ። ደጋ ላይ ዝርግ ትለቁት የነበረውን ቆላ ላይ በትንሽ ሃይዘር ልቀቁት። ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ያንኑ ሃይዘር ብትደግሙት ግራ ይጥላችኋል፣ መልሳችሁ አቅኑት።

ባለፈው ስወርድ ሳይድዋይንደሩን ይዤ ነው የሄድኩት፤ እልክ ይዞኝ። በሃይዘር ለቀቅኩት፣ ተነሳ፣ ቀና፣ ቀጥ ብሎ ሄደና መጨረሻ ላይ ትንሽ ግራ ብሎ ወደቀ። ማሾው ታጭዶ ስለነበር ያዩልኝ ፍየሎች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛውን በደስታ ብዛት በሙሉ ጉልበት ወረወርኩት፤ መዳፌ ወደ ሰማይ ዞረ፣ ዲስኩም ወደዚያው ማሳ ሄደ።